የመንግሥት ጤና መድን ወይስ የግል? ሁለቱን በአንድ ሂሳብ አነጻጽሮ መምረጫ መመሪያ

«የመንግሥቱ ይሻላል ወይስ የግሉ?» ሳልባል የማልፍበት ሳምንት የለም። ጠያቂው አንዳንዴ አዲስ ሥራ የጀመረ ወጣት ነው፤ አንዳንዴ ጡረታ የተቃረቡ አባት ናቸው፤ አንዳንዴም የሦስት ወር ነፍሰ ጡር ናት። ለሦስቱ የሚሆነው መልስ አንድ አይደለም፤ መልሱ የሚገኝበት መንገድ ግን አንድ ነው። አንድ የሕክምና ሂሳብ ይያዛል፣ ሂሳቡ በሁለቱም ውል ይሠራል፣ ከዚያ ከኪስ የሚወጣው ስንት እንደሆነ ይታያል። ረጋ ብለው ከሠሩት ሁለት ምሽት ይበቃዎታል።

የሚያስፈልግዎ

- የሁለቱም መድን ሙሉ የውል ሰነድ። የመንግሥቱ የተፈረመ ውል ከሌለው፣ የሚሸፈኑትንና የማይሸፈኑትን አገልግሎቶች የሚዘረዝረው ደንብ ወይም መመሪያ። በራሪ ወረቀት አይበቃም፤ እሱ የሚሰጥዎትን እንጂ የሚከለክልዎትን አይነግርዎትም።
- የቤተሰብዎ አባላት ስም ከነትውልድ ቀናቸው።
- ያለፉት 12 ወራት የሕክምና ደረሰኞች፣ የመድኃኒት ማዘዣዎችና የምርመራ ውጤቶች።
- በቋሚነት የሚወሰዱ መድኃኒቶች ዝርዝር፣ በዋናው ስማቸው (ለምሳሌ ሜትፎርሚን፣ አምሎዲፒን)። የመድን ዝርዝሮች አብዛኛውን ጊዜ የሚጻፉት በንግድ ስም ሳይሆን በዚህ ስለሆነ፣ በንግድ ስም ፈልገው ቢያጡት «የለም» ብለው ይሳሳታሉ።
- ከእያንዳንዱ መድን ጋር ውል ያላቸው ሆስፒታሎች፣ ክሊኒኮችና መድኃኒት ቤቶች ዝርዝር፣ የወጣበት ቀን የተጻፈበት።
- ደብተር፣ እስክሪብቶ፣ ካልኩሌተር።

አምስት ቃላት ደጋግመው ስለሚመጡ አስቀድመን እንግባባባቸው። *ዓረቦን* ታመሙም አልታመሙም የሚከፍሉት መዋጮ ነው። *ተቀናሽ* መድኑ መክፈል ከመጀመሩ በፊት እርስዎ የሚሸፍኑት የመጀመሪያ መጠን ነው። *የጋራ ክፍያ* ከቀረው ሂሳብ ላይ በመቶኛ የሚደርስብዎት ድርሻ ነው። *ጣሪያ* መድኑ በዓመት ከዚያ በላይ የማይከፍልበት ወሰን ነው። *የመጠበቂያ ጊዜ* ደግሞ ዓረቦን እየከፈሉ፣ ለተወሰኑ ሕመሞች ግን ገና ሽፋን የማያገኙባቸው ወራት ናቸው።

1. «የመንግሥት» የሚሉት የትኛው እንደሆነ ይለዩ

በዚህ ስም ሦስት የተለያዩ ነገሮች ይጠራሉ። አንደኛው በግብር ገንዘብ የሚተዳደር፣ ዜጋው ወይም ነዋሪው ሁሉ የሚታከምበት አገልግሎት ነው። ሁለተኛው ከደመወዝ ወይም ከቤተሰብ በሚሰበሰብ መዋጮ የሚቆም መድን ነው። ሦስተኛው ጨርሶ መድን አይደለም፤ ዋጋው ዝቅ ያለ የመንግሥት ሆስፒታል ነው። በሦስተኛው የሚታከም ሰው «የመንግሥት መድን አለኝ» ብሎ ሲያስብ አጋጥሞኛል። ርካሽ ሕክምና ስላለ መድን አለ ማለት አይደለም፤ ከባድ ሕመም ሲመጣ ሂሳቡ ሙሉ በሙሉ የታካሚው ነው።

ቀጥሎ የሚጠየቀው ግዴታ ነው ወይስ በፈቃድ የሚለው ነው። ግዴታ ከሆነ ምርጫዎ «ይህ ወይስ ያ» መሆኑ ይቀርና «በዚህ ላይ የግል ልጨምር ወይስ ይብቃኝ» ይሆናል። መዋጮውን በማንኛውም ሁኔታ ስለሚከፍሉ፣ የግሉ ዓረቦን የሚመዘነው በሚጨምርልዎት ነገር ብቻ ነው።

ጥንቃቄ። የመንግሥቱን መተው የሚፈቀድልዎ ከሆነ፣ መመለስ መቻልዎን ሳያረጋግጡ አይውጡ። በጀርመን ለዓመታት በግል መድን የቆየ ሰው 55 ዓመት ካለፈው በኋላ ወደ ሕዝባዊው መድን የሚመለስበት በር በሕግ እጅግ ጠባብ ነው። በአሜሪካ ሜዲኬር ከተባለው፣ በዋናነት ለአረጋውያን ከሆነው የመንግሥት መድን፣ የሐኪምና የተመላላሽ ሕክምና የሚሸፍነውን ክፍል ቢን ማግኘት እየቻለ፣ እንደ አሠሪ መድን ያለ ተቀባይነት ያለው ሌላ ሽፋንም ሳይኖረው የዘገየ ሰው፣ ለዘገየበት ለእያንዳንዱ ሙሉ 12 ወር ዓረቦኑ ላይ 10 በመቶ ይጨመርበታል፤ ጭማሪውም በአብዛኛው ዕድሜ ልክ አብሮት ይኖራል። እርስዎ ባሉበት አገር ሕጉ ሌላ ሊሆን ይችላል፤ ጥያቄው ግን የትም ይጠየቃል።

2. የቤትዎን የአንድ ዓመት ሕመም በወረቀት ያስፍሩ

ለእያንዳንዱ የቤተሰብ አባል አንድ መስመር ይስጡ። ስንት ጊዜ ተመላላሽ ታከመ? ተኝቶ ታክሟል ወይ? በየወሩ የሚወስደው መድኃኒት ምንድን ነው? በሚመጣው ዓመት የሚጠበቅ ነገር አለ ወይ፤ ወሊድ፣ የቀጠሮ ቀዶ ሕክምና፣ የጥርስ ወይም የመነጽር ወጪ?

ይህ እርምጃ ቀላል ስለሚመስል ብዙ ሰው ይዘለዋል። ሲዘለል ግን የሚመረጠው ለቤቱ የሚስማማው ሳይሆን ሻጩ ያመሰገነው ይሆናል። የስኳር ሕመምተኛ ያለበት ቤትና ሁለት ጤነኛ ወጣቶች የሚኖሩበት ቤት አንድ ዓይነት ውል አያስፈልጋቸውም።

3. ውሉን ከማይሸፈኑት ገጽ ጀምረው ያንብቡ

ከፊት ያለው ሁሉ ይማርካል፤ ክርክር የሚነሣው ግን «የማይሸፈኑ» ከሚለው ርዕስ ሥር ነው። የሚከተሉትን አንድ በአንድ ይፈልጉ፤ ያገኙበትንም አንቀጽ ቁጥር ደብተርዎ ላይ ይጻፉ።

- ቀድሞ የነበረ ሕመም፤ ጨርሶ አይሸፈንም ወይስ ከተወሰነ ጊዜ በኋላ ይሸፈናል?
- ወሊድና ከወሊድ ጋር የተያያዘ ችግር
- የኩላሊት እጥበት፣ የካንሰር ሕክምና፣ የአካል ንቅለ ተከላ
- የአእምሮ ጤና ሕክምና
- ጥርስና ዓይን
- ከአገር ውጭ የሚደረግ ሕክምና
- ከሆስፒታል ከወጡ በኋላ የሚቀጥል መድኃኒትና ፊዚዮቴራፒ

በዚህ እርምጃ ላይ የማተኩረው በእናቴ ስለደረሰ ነው። የዓይን ሞራ ጀምሯቸው ስለነበር የግል መድን ገዛንላቸው። በራሪ ወረቀቱ «የዓይን ቀዶ ሕክምና ይሸፈናል» ይላል፤ እውነትም ይሸፈናል። በአሥረኛው ወር አሠራንላቸው፤ ደረሰኙን አስገባን፤ ከሦስት ሳምንት በኋላ አንዲት አንቀጽ የተጠቀሰባት ባለ አራት መስመር ደብዳቤ መጣች። ለዓይን ሞራ የመጠበቂያው ጊዜ 12 ወር ነበር። የዓይን ሞራ ድንገተኛ ሕመም አይደለም፤ ሐኪሙን ብንጠይቀው ሁለት ወር መታገሥ ይቻል ነበር። ገንዘቡን ያሳጣን መድኑ መጥፎ ስለሆነ ሳይሆን ውሉን ስላላነበብን ነው።

የመጠበቂያ ጊዜ የሚቀመጠው ሰው ከታመመ በኋላ መድን ገዝቶ፣ ታክሞ፣ ወዲያው እንዳይተው ነው። ስለዚህም የሦስት ወር ነፍሰ ጡር ለሆነችው እህቴ የምነግራት ይህንን ነው፦ የወሊድ መጠበቂያ ብዙውን ጊዜ ከእርግዝናው ይረዝማል። ለምሳሌ በአውስትራሊያ ሕጉ የግል የሆስፒታል መድን ለወሊድም ሆነ ቀድሞ ለነበረ ሕመም እስከ 12 ወር እንዲያስጠብቅ ይፈቅዳል። ለዚህኛው ወሊድ ብለሽ አሁን ብትገቢ ዓረቦኑን ትከፍያለሽ፣ የማዋለጃውንም ትከፍያለሽ። በአሠሪ በኩል የሚገባ የቡድን መድን ካለ ግን ጠይቂ፤ የቡድን ውሎች የመጠበቂያ ጊዜውን ሊያሳጥሩ ወይም ሊያነሡ ይችላሉ።

4. እውነት የሚሄዱባቸውን ሦስት ተቋማት መርጠው ይደውሉ

«ከ200 በላይ ተቋማት ጋር ውል አለን» የሚለው ቁጥር ለእርስዎ ትርጉም የለውም። ትርጉም ያለው ልጅዎ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ትኩሳት ቢነሣበት የሚሮጡበት፣ የሚያምኑት ሐኪም ያለበትና ቀዶ ሕክምና ቢያስፈልግ የሚመርጡት ተቋም ነው። ለመድን ድርጅቱ ሳይሆን ለሦስቱ ተቋማት ሂሳብ ክፍል ይደውሉና ይህን ይጠይቁ፦

«ይህን መድን ዛሬ ትቀበላላችሁ? ለተመላላሽም ለተኝቶም? ካርዱን አሳይቼ እታከማለሁ ወይስ ከፍዬ በደረሰኝ አስመልሳለሁ?»

ሦስተኛው ጥያቄ ከሁሉ ይበልጣል። ከፍሎ ማስመለስ ከሆነ፣ በታመሙበት ቀን ሙሉው ገንዘብ በእጅዎ መኖር አለበት። የገንዘብ ጥሪት የሌለው ቤት እንዲህ ያለ መድን ይዞም ከሆስፒታል በር ሊመለስ ይችላል።

የመንግሥቱ መድን ብዙውን ጊዜ በእርከን ነው የሚሠራው፤ መጀመሪያ ቅርብ ወዳለው ጤና ተቋም፣ ከዚያ በሪፈራል ወረቀት ወደ ላይ። እርከኑን ዘለው በቀጥታ ትልቁ ሆስፒታል ቢገቡ ሂሳቡ በከፊል ወይም ሙሉ በሙሉ የእርስዎ ሊሆን ይችላል። ድንገተኛ ሕክምና ከዚህ ነፃ መሆኑን፣ «ድንገተኛ» የሚባለውም ምን እንደሆነ በጽሑፍ ይፈልጉ። ለቀጠሮ ቀዶ ሕክምና ወረፋው ስንት ወር እንደሆነም ይጠይቁ፤ በሚቀጥለው እርምጃ ያስፈልግዎታል።

5. አንድ ሂሳብ በሁለቱም ውል ይሥሩ

የዚህ መመሪያ ልብ ይህ ነው። ቁጥሮቹ ለማስያ የቀረቡ ናቸው፤ በራስዎ ገንዘብና በራስዎ ውል ይተኳቸው።

የቀዶ ሕክምና ሂሳብ 60,000 መጣ እንበል። ሆስፒታሉ 45,000፣ ምርመራው 5,000፣ መድኃኒቱ 10,000።

*የመንግሥቱ ውል፦* መዋጮ በዓመት 3,000፤ የጋራ ክፍያ 20 በመቶ፤ ጣሪያ የለውም፤ ነገር ግን ያ መድኃኒት ከዝርዝሩ ውጭ ነው።
መድኃኒቱ ሙሉ በሙሉ የእርስዎ፣ 10,000። ከቀረው 50,000 ላይ 20 በመቶ፣ 10,000። ከኪስ 20,000። ከመዋጮው ጋር 23,000።

*የግሉ ውል፦* ዓረቦን 9,000፤ ተቀናሽ 5,000፤ የጋራ ክፍያ 10 በመቶ፤ ጣሪያ 40,000።
ከ60,000 ላይ 5,000 ሲቀነስ 55,000። ከዚህ 10 በመቶው፣ 5,500፣ የእርስዎ። መድኑ 49,500 መክፈል ነበረበት፤ ጣሪያው ግን 40,000 ላይ ያቆመዋል። ከኪስ 20,000። ከዓረቦኑ ጋር 29,000።

«10 በመቶ ብቻ» የተባለው ውልና «20 በመቶ» የተባለው ውል ከኪስ ያስወጡት እኩል ሆነ። መቶኛን ብቻ አይቶ መምረጥ የሚያሳስተው በዚህ ነው።

አሁን ያው ሂሳብ ላይ አንድ ነገር ይለውጡ። የመንግሥቱ ወረፋ ስድስት ወር ነው፤ ሐኪምዎ ደግሞ ከአንድ ወር በላይ አይታገሥም አለ። ወደ ግል ሆስፒታል ሄደው ከኪስዎ ቢታከሙና የመንግሥቱ መድን ያንን ሆስፒታል ባይሸፍን፣ ወጪዎ ከመዋጮው ጋር 63,000 ይሆናል። የግሉ መድን ግን 29,000 ላይ እንዳለ ነው። አብዛኛው ሰው የግል መድን ሲገዛ የሚገዛው ይህንን ጊዜ ነው። ጊዜው ለእርስዎ ሕመም ዋጋ ያለው መሆኑን የሚያውቁት የወረፋውን ርዝመት ሲያውቁ ብቻ ነው።

ቀጥሎ ሂሳቡን 200,000 ያድርጉት፤ ከዚህ ውስጥ 20,000ው ከዝርዝር ውጭ የሆነ መድኃኒት ነው። በመንግሥቱ፣ 20,000 ሲደመር የ180,000 ሃያ በመቶ፣ ማለትም 36,000፤ ከኪስ 56,000። በግሉ መድኑ 40,000 ከፍሎ ያቆማል፤ 160,000 የእርስዎ ነው። ትልቅ ሕመም ላይ የሚወስነው ጣሪያው ነው።

በመጨረሻ መድን ድርጅቱን የስሌቱን ቅደም ተከተል ይጠይቁት። አንዳንድ ውል መጀመሪያ ሂሳቡን በጣሪያው ይቆርጣል። 60,000ው 40,000 ይሆናል፣ 5,000 ተቀናሽ ይወጣለታል፣ ከ35,000ው 90 በመቶውን፣ 31,500፣ ይከፍላል። ያው ጣሪያ፣ ያው መቶኛ፤ የእርስዎ ድርሻ ግን ከ20,000 ወደ 28,500 ይወጣል። መልሱን በቃል አይቀበሉ፤ በኢሜይል ወይም በደብዳቤ ያስጽፉ።

ገንዘብዎ ለአንዱ ብቻ የሚበቃ ከሆነ፣ ለጉንፋንና ለምርመራ ብዙ ከሚሰጥ ዝቅተኛ ጣሪያ ያለው ውል ይልቅ፣ ትንሹን ለእርስዎ ትቶ ለትልቁ ከፍ ያለ ጣሪያ ያለውን ይውሰዱ። የክሊኒክ ክፍያ ተበድሮም ይከፈላል፤ የካንሰር ሕክምና ግን ቤት ያሸጣል።

6. ከአሥር ዓመት በኋላ ያለውን ዓረቦን ይጠይቁ

የመንግሥት መድን መዋጮ በአብዛኛው በገቢ ወይም ለሁሉም በእኩል መጠን ይተመናል። የግል ዓረቦን ግን በብዙ ቦታ ዕድሜ ሲጨምር አብሮ ያድጋል። ዛሬ የ35 ዓመት ሰው የሚከፍለውን ብቻ ሳይሆን በዚያው ውል የ45፣ የ55ና የ65 ዓመት ሰው የሚከፍለውን ሠንጠረዥ ይጠይቁ። ውሉ በየዓመቱ ሲታደስ ድርጅቱ ስለታመሙ ብቻ አላድስም ማለት ይችል እንደሆነም ያረጋግጡ፤ ለአዲስ አባል የዕድሜ ገደብ፣ ለነባሩም የማብቂያ ዕድሜ ሊኖር ይችላል።

7. ቅጹን በእጅዎ፣ በእውነት ይሙሉ

የግል መድን ያለብዎትን ሕመም የሚጠይቀው አደጋውን ለመተመን ነው። የመድን ሕግ ደግሞ በብዙ አገር መድን ገቢው በቅንነት እውነቱን እንዲናገር ያስገድዳል። ደም ግፊት እያለበት «የለብኝም» ብሎ የፈረመ ሰው፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ልቡን ሲታመም የድሮው የሕክምና መዝገቡ ይወጣል፤ ካሳው ይከለከላል፣ ውሉም ሊፈርስ ይችላል።

ሻጩ «እኔ ልሙላልዎት፣ እርስዎ ብቻ ይፈርሙ» ቢል እሺ አይበሉ። እሱ «የለም» ያለበት ሁሉ የእርስዎ ቃል ነው የሚሆነው። የተሞላውን ቅጽ ኮፒ ወይም ፎቶ ያስቀሩ።

8. አዲሱ ሳይጸና አሮጌውን አይተዉ

አዲሱ ውል የሚጀምርበትን ቀን ሳይሆን የመጠበቂያ ጊዜው የሚያበቃበትን ቀን በቀን መቁጠሪያዎ ላይ ያክብቡት። አሮጌው እስከዚያ ድረስ ይቆይ። ሁለት ዓረቦን ለጥቂት ወራት መክፈል ይከብዳል፤ በመሐል ባዶ ሆኖ መታመም ግን ከዚያ የባሰ ነው።

ሁለቱንም አብረው መያዝ ይቻላል፤ ለአንድ ሂሳብ ግን ሁለት ጊዜ ሙሉ ካሳ አይከፈልም። አንዱ ቀድሞ ይከፍላል፣ ሌላው የቀረውን። የትኛው ቀዳሚ እንደሆነ አስቀድመው ይወቁ። ሁለተኛው መድን የመጀመሪያውን የክፍያ መግለጫና ደረሰኝ ስለሚጠይቅ ኮፒ ሳያስቀሩ ዋናውን አያስረክቡ።

9. የመጀመሪያውን ካሳ በጥንቃቄ ይጠይቁ

ከቀጠሮ ቀዶ ሕክምና፣ ከኤምአርአይና ውድ ከሆነ ምርመራ በፊት ቅድመ ፈቃድ ያስፈልግ እንደሆነ ይጠይቁ፤ ፈቃዱ የተሰጠበትን ቁጥርና ቀን ይያዙ። በድንገተኛ ከገቡ ደግሞ ብዙ ውሎች በ24 ወይም በ48 ሰዓት ውስጥ እንዲያሳውቁ ይጠይቃሉ። ታማሚው ራሱ መደወል ስለማይችል፣ ቤት ውስጥ ሌላ ሰው ቁጥሩንና የአባልነት መለያውን ማወቅ አለበት።

ከመስኮቱ ሳይርቁ ደረሰኙን ያንብቡት። ብዙ ጊዜ የሚመለስ ደረሰኝ ምን እንደሚመስል ልንገርዎት፦ «መድኃኒት፣ 1፣ 3,400»። የታካሚ ስም የለውም፤ የመድኃኒት ስም የለውም፤ ቀኑ በካርቦን ደብዝዟል። ደረሰኙ ላይ የታካሚው ሙሉ ስም በአባልነት ካርዱ ላይ እንዳለው፣ ቀን፣ የእያንዳንዱ መድኃኒት ወይም አገልግሎት ስምና ዋጋ፣ የተቋሙ ማኅተም መኖር አለበት። ከእሱ ጋር ሐኪሙ የጻፈው የሕመሙ ስምና ማዘዣው ይያያዛል። ደረሰኙ ማዘዣው ከተጻፈበት ቀን ቀድሞ ከተቆረጠ ጥያቄው ወድቋል ማለት ነው።

ደጋግሜ የማያቸው ስሕተቶች

- ዓረቦኑን በአንድ ቀን አሳልፎ መክፈልና ሽፋኑ መቋረጡን ታሞ ማወቅ። የእፎይታ ቀናት ስንት እንደሆኑ ይጠይቁ።
- አዲስ የተወለደ ሕፃን «በእናቱ ይታከማል» ብሎ አለማስመዝገብ። ብዙ ውል የምዝገባ ቀነ ገደብ አለው።
- የአሠሪን መድን እንደራስ ንብረት መቁጠር። ሥራው ሲያበቃ ብዙ ጊዜ መድኑም ያበቃል። ከመልቀቅዎ በፊት ወደ ግል ውል መቀየር ይቻል እንደሆነ ይጠይቁ።
- ጣሪያው ለአንድ ሰው ነው ወይስ ለመላው ቤተሰብ ብሎ አለመጠየቅ። አንዱ ከታመመ የሌሎቹን ሊጨርሰው ይችላል።
- «አይከፈልም» የሚለውን የመጀመሪያ ደብዳቤ የመጨረሻ አድርጎ መቀበል። የተከለከለበትን አንቀጽ በጽሑፍ ይጠይቁ፤ ከሐኪምዎ ማብራሪያ ያያይዙና በውሉ ውስጥ በተቀመጠው ቀነ ገደብ ይግባኝ ይበሉ። ጎድሎ የቀረበ ሰነድ ሲሟላ የሚከፈሉ ጥያቄዎች ብዙ ናቸው።
- ፈርሞ መጸጸትና ዝም ማለት። በብዙ አገር ከፈረሙ በኋላ ውሉን ያለ ቅጣት የሚሰርዙበት አጭር የማሰቢያ ጊዜ አለ። ስንት ቀን እንደሆነ ውሉ ላይ ይፈልጉ፤ ስረዛውንም በጽሑፍ አስገብተው ቀን ያለበት መቀበያ ይያዙ።